የእማዬ ዜሮ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ካፊያ ጣል አድርጎ ሄደና፣ የቢሮዬን መስኮት ስከፍት የረጠበ አቧራ ሽታ ከነቅዝቃዜው ገባ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኳትን የእማዬን የዝናብ መለኪያ አንሥቼ አሸተትኳት። መዳቧ ወይቧል፣ አፏም ከወጭት አይሰፋም፤ ግን ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ግቢያችን ስንት ክረምት ቆማ የጮቄ ተራራን ዝናብ የተቀበለች ናት።

የኔ እንጀራ ዛሬ ሳተላይት ከላይ ሆኖ ዘነበ የሚለውን፣ እንደዚች ባሉ ዕቃዎች መሬት ላይ ከተለካው ጋር እያስተያየሁ ምን ያህል እንደሚታመን መመርመር ነው። ትናንት አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ባለሙያ አንድ የድሮ የሐምሌ ቀን ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ሳተላይቱ ያን ቀን ሮብ ገበያ ላይ ደህና ዝናብ ጥሏል ይላል፣ የመሬቱ መለኪያ ደግሞ ዜሮ። «የሚለካው ሰው ሳይወጣ ቀርቶ ዝም ብሎ ዜሮ የሞላ ይመስለኛል፤ ከስሌቱ ብናወጣውስ?» አለኝ። የሚለካው ሰው እናቴ መሆኗን አያውቅም። እስከ ነገ ላስብበት አልኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንደ ስድብ ነው የቆረቆረኝ።

ለሚቲዎሮሎጂ የዝናብ መዝገብ የምትይዘው እማዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ መለኪያዋ የምትሄደው እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም እንደሚሄድ ሰው ነበር። ሰዓቱ ሲቃረብ ቤታችን ጭጭ ይላል፤ ዶሮ የመለኪያዋ አጥር ውስጥ ከገባች ጥፋቱ የዶሮዋ ሳይሆን የኔ ነው። ውኃውን ከመዳቡ ወደ ቀጭኑ ብልቃጥ ታንቆረቁራለች፣ ከዓይኗ እኩል ታነሣለች፣ ትንፋሿን ትውጣለች፤ እኔም ሳላውቀው አብሬ እውጣለሁ። ጣራችንን ሲደበድብ ያደረ፣ ወንዙን ያስጮኸ ዶፍ እዚያች ብልቃጥ ውስጥ ጸጥ ብሎ አንዲት መስመር ላይ ሲቆም አፌን ከፍቼ አይ ነበር። አንዲት የወጭት አፍ ለዚያ ሁሉ ተራራ ምስክር መሆኗ ያኔ ይገርመኝ ነበር፤ ዛሬ ተምሬ ሳየው ይብስ ይገርመኛል።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ነበር የሚያዩት። በእኛ ሰፈር የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ እትዬ ብርቄ ወንፊታችንን ሲመልሱ እፍኝ ቆሎ፣ ምንም ባይኖራቸው ከጓሮ ጎመን ቀንጥሰው ጣል ያደርጉበታል። መለኪያዋንም እንደዚያው ቆጥረዋታል፤ ሰማይ ሞልቶ ይሰጠናል፣ እኛ ገልብጠን ባዶዋን መልሰን እንደቅናለን። «ጥሩዬ፣ እግዜር ፊት ባዶ ዕቃ ስትደቅኚ ትንሽ እንኳ አታፍሪም?» ይሏታል። እማዬ ትስቃለች።

ያን ሐምሌ ገብሱ ከበቀለ በኋላ ዝናቡ ድንገት ቀረ። የቡቃያው ጫፍ ቢጫ ሆነ፣ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ፤ ያ ገብስ ከጠፋ የከርሞ ቀለባችንም ዘራችንም አብሮ ሄደ ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጮቄ በኩል የጠቆረ ደመና ተነሥቶ ሰማዩን ሞላው፣ ነጎድጓዱ ተከተለ፣ ነፋሱ ጣራችንን አንቀጫቀጨው፣ ሁላችንም ደጅ ወጥተን ፊታችንን ወደ ላይ ሰቀልን። ደመናው በላያችን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። አንዲት ጠብታ አልጣለም። እትዬ ብርቄ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ትልቅ ሰው ለዝናብ ብሎ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ እማዬ መለኪያዋን ስትከፍት ውኃ አገኘች። መሬቱን አየች፤ አቧራው ላይ የትናንቱ የዶሮ ዱካ እንኳ አልጠፋም። ብልቃጡን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሳይጠየቁ ተናገሩ፦ «የማርያም ጠበል ነው፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደመናው እኮ ባዶዋን አይቷት ነው ያለፈን፣ ጥሩዬ።»

እማዬ አልተቆጣችም። «እትዬ፣ ዘነበ ብዬ ከጻፍኩ፣ እንዳልዘነበልን ማን ያውቅልናል?» አለቻቸው። ጠበል ግን መሬት አይደፋም። ስለዚህ ውኃውን በብርጭቆ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ተጎነጩ፣ እሷ ተጎነጨች፣ የቀረውን እኔ ጨለጥኩት። መዳብ መዳብ ይላል። ከዚያ ቤት ገባችና መዝገቧ ላይ ዜሮ ጻፈች። ዝናቡ ሰንብቶ መጣ፣ ገብሱም እንደ ምንም ተረፈ፤ እትዬ ብርቄ እስኪያርፉ ድረስ ያስመጣሁት እኔ ነኝ እንዳሉ ኖሩ፣ እማዬም አንድ ቀን አልተከራከረቻቸውም።

ሳተላይቱን አልነቅፈውም፤ እሱም ያስደንቀኛል። ከጮቄ ጫፍ እስከ ዓባይ በረሃ፣ ከዚያም አልፎ ስንቱን አገር በአንድ እይታ ያያል፤ መለኪያ ባልተተከለበት ቆላና ደጋ ስለ ዝናቡ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ግን የሚያየው የደመናውን አናት ነው፤ አናቱ ክፉኛ ከቀዘቀዘ፣ ከሥሩ ዘንቧል ብሎ ይገምታል። ያን ቀን እኛ አንጋጠን ያንን ደመና ስንለምነው፣ ለካ እሱም ከላይ ሆኖ ያንኑ ደመና ያይ ነበር፤ እኛ ከሥሩ፣ እሱ ከአናቱ። እንደ እትዬ ብርቄ እሱም ደመናውን አምኖ ዕቃችን ውስጥ ውኃ ጨምሮልናል።

አሁን እዚያ ግቢ ውስጥ ራሱ ለክቶ ራሱ የሚልክ መሣሪያ ብረት ላይ ቆሟል። ጎበዝ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ የሚወጣ ሰው ግን የለም። እትዬ ብርቄ አረፉ፣ እማዬም ተከተለቻቸው። ከዚያ ብርጭቆ ከቀመስነው የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ሳልፍ ስለዚያ ቀን ከሥር ሆና የምትመሰክር ያቺ ዜሮ ብቻ ናት።

ወጣቱ ባለሙያ ቅድም መጥቶ እናውጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዳትነካው አልኩት። «እንዳልዘነበ በምን እርግጠኛ ሆኑ?» አለኝ፣ በትሕትና።

መለኪያዋን ወደ መደርደሪያዋ መለስኳት።

«የተገኘውን ውኃ ጠጥቼዋለሁ» አልኩት።