ለአራስ ቅቤ ፍለጋ እስከ ሻሸመኔ

ናዝሬት፣ ንጋት ላይ

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ጎህ ገና እየቀደደ ነው። ባለቤቴ አልማዝ መውለጃዋ ደርሷል፤ ለገንፎዋ የሚሆን ቅቤ ግን ከተማው ውስጥ የለም። መንግሥት ዝቅተኛ ተመን ካወጣለት ወዲህ ከገበያ ተሰውሯል። ለምን እንደተሰወረ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሬ አስረዳለሁ። የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ቅቤ የሌለው።

ሞጆ፣ ጠዋት

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ድንቅነሽ ከሻሸመኔ ቅቤ እያመጡ ናዝሬት የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው፣

«ምን አደከመህ ልጄ? እዚሁ ውረድና ሚስትህ ዘንድ ተመለስ። ነገ ቤትህ ድረስ አመጣልሃለሁ» አሉና ዋጋ ጠሩ። የተመኑ እጥፍ ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ብዝበዛ ነው!» አልኩ፣ እንደ ካድሬ ጣቴን ቀስሬ።

«እንግዲያው ሞክረዋ!» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ።

ሻሸመኔ፣ ከሰዓት በኋላ

ድንች በጆንያ፣ ጎመን በሸክም፣ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ። ሻጯን «አካም ጅርታ?» ብዬ ሰላም አልኳት። የማውቀው ኦሮምኛ ይኸው ነበር። እሷ ግን ረጅም ነገር መለሰችልኝ። አዋቂ ለመምሰል ራሴን ነቀነቅኩ። ለካ ዋጋ እየነገረችኝ ኖሯል፤ ተስማማሁ ማለት ነው። ከወይዘሮ ድንቅነሽ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የመመለሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። ቁንጫ ከበዛበት አልጋ ቤት አደርኩ፤ እሱም በገንዘቤ።

በማግስቱ፣ ዝዋይ አለፍ ብሎ

ፀሐዩ ጣሪያውን ያግላል። ቅቤውን ሌባ እንዳይወስድብኝ በቦርሳ አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ቀለጠ። ሱሪዬን አልፎ ካልሲዬ ደረሰ።

ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳውን ከፍቶ፣ «ለንግድ ነው?» አለኝ።

«ለአራስ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አምኜሃለሁ። እንዲህ የሚጭን ነጋዴ የለም!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።

ናዝሬት፣ አመሻሽ

አልማዝ በሩ ላይ ስታየኝ ሆዷን ደግፋ ሳቀች። የተረፈውን በሳህን ገለበጠችው፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ወይዘሮ ድንቅነሽ ያሉትን ስነግራት ሳቋ ቆመ።

«ሞጆ ላይ ተመለስ ብለውህ ነበር?»

«ዋጋው እኮ…»

«ሌሊቱን ወገቤን ሲቆርጠኝ አደረ። መጣብኝ ብዬ ግድግዳውን ይዤ ስጠራህ ነበር።»

የትኬቱን፣ የአልጋውን፣ የሱሪውን ወጪ ሁሉ መንገድ ላይ ደምሬ ነበር። ይህን ግን አልደመርኩትም። ከአጠገቧ ተቀምጬ ወገቧን ማሸት ጀመርኩ፤ ቅቤው ከእጄ አልለቀቀም ነበርና ማሻ ቅባት አልፈለግንም።