ሁሉም እናት ነው?

እትዬ ዘሬ በየማለዳው የችግኝ ጣቢያውን በር ከመክፈቷ በፊት ከኪሷ አንዲት ፍሬ አውጥታ በፊት ጥርሷ ትሰነጥቃለች። ውስጧ ነጭና እርጥብ ከሆነ «አለሽ!» ትላታለች፤ ባዶ ከሆነች ትተፋታለች። «ዘሬ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ኪሷ ከዘር ተለይቶ አያውቅማ።

ዘሩን የምትለቅመው ከጣቢያው ጀርባ ካለው ደን ነው። ዘር የሚለቀምባቸው ዛፎች «እናት ዛፍ» ይባላሉ። ግንዳቸው ላይ ነጭ ቀለበት ይቀባል፤ ቀለበት ያለበት ዛፍ አይቆረጥም። ቀቢዋም እሷው ናት።

አንድ ቀን ደኑ ከሥሩ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ብቻ እንዲተከልበት ትእዛዝ መጣ። እትዬ ዘሬ አልጮኸችም። የቀለም ባልዲዋን አንጠልጥላ ገባች።

የመጋዝ ቡድኑ አለቃ ሰዎቹን አስከትሎ ሲደርስ አፉን ይዞ ቀረ።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ነው? ጫካው ሁሉ ቀበቶ ታጠቀ እኮ!»

«ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

«ሁሉም እናት ነው?»

«አባት ነው የምትለውን አሳየኝና ቁረጥ።»

ሰዎቹ ሳቁ። አለቃው ግን ፊቱ አልተፈታም።

«አትቀልጂ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ እንተውልሽ። እኔም እኮ የልጆች አባት ነኝ።»

«ይኸው አባቱ ተገኘ!» አለ ከኋላ አንዱ መጋዝ የያዘ።

እትዬ ዘሬ ግን ከዛፎቹ ፊት ንቅንቅ አላለችም። «ብቻዋን የቀረች ዛፍ ባዶ ፍሬ ነው የምታፈራው። ንቡም ነፋሱም ከጎረቤት ካላመጡላት ምን ታድርግ? ጎረቤቷን ስትጥል እሷንም ጣልካት። ቀለበቱን የሚፍቅ ካለ ይምጣ፤ እኔ አልፍቅም!»

አለቃው ወደ ዛፎቹ፣ ወደ እሷ፣ ደግሞ ወደ ዛፎቹ አየ። ከዚያ ለበላዩ ደወለ። «እናት ዛፍ ቆረጠ መባልን አልፈልግም፤ ባለሙያ ላኩ» አለ። መጋዞቹ መኪና ላይ ተመለሱ።

ባለሙያዎቹ መጡ፣ ዞሩ፣ ተከራከሩ። ቀለም አልቆባት ሳትቀባው የቀረችው የመንገዱ ዳር ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ የቀረው ግን የዘር ደን ተብሎ ተከለለ።

እትዬ ዘሬ ይህን ሁሉ ጸሐፊ ለሆነችው የእህቷ ልጅ ስታጫውታት፣ «እንዳለ ጻፊው» አለቻት። «ያቺን የወንዝ ዳሯን አሮጊት ብቻ ተዪልኝ፤ ሰው ይስቅብኛል።»

አሮጊቷ ዛፍ ናት። እትዬ ዘሬ ዕድሜዋን ሙሉ ሥሯ ተመላልሳ አንዲት ፍሬ አንስታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ከሁሉ አስቀድማ የቀባችው እሷን ነበር። ቀለሙን ደራረበችላት። ከዚያ ልጅ ያልወለደችው እትዬ ዘሬ እጇን ግንዱ ላይ አሳርፋ፣ «አንቺም እናት ነሽ» አለቻት።