የሳቅ ልምምድ

በልብ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻቸውን ይስቃሉ። ኮታቸው ጥንቅቅ ተደርጎ ተተኩሷል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው «ሃ ሃ ሃ» ይሉና ልባቸው ሳቁን እንዴት እንደተቀበለው ያዳምጣሉ። ከተስማማው ትንሽ ጨመር ያደርጋሉ።

«ደህና ነዎት አባባ?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እየተለማመድኩ ነው።» ከኪሳቸው ሁለት የክኒን ብልቃጥ አወጡ። «ይሄ የልብ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የድብርት። ልቤን ካመመኝ ወዲህ ሳቅ ጠፋብኝ። ክኒኑ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ፤ እስከዚያ በጉልበቴ እስቃለሁ።»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው «ይሄኛውስ?» ብለው ወፈር ያለ ሳቅ አሰሟቸው።

«ይሄ የውሸት ይመስላል፤ የቅድሙ ይሻላል» አሉ ሴትዮዋ፣ ሳይወዱ በግድ።

ነርሷ ሽማግሌውን ጠራቻቸው። ሲነሡ ሳቃቸውን እንደ መሀረብ አጣጥፈው ኪሳቸው የከተቱ ይመስል ፊታቸው ጭልም አለ።

«ሐኪሙ ጋ ሊስቁ አልነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ሐኪሙንማ ለምን ብዬ እዋሻለሁ? ይሄ ለቤት ነው። ስስቅ ካላየች ባለቤቴ እህል አትቀምስም።»