በገዛ ለቅሶዋ እጅ ያስታጠበች

አዘዘ የሞተው በባንቺአየሁ ክንድ ላይ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታቸው ነው። ቤቱን አብረው ነው የሠሩት፤ እሱ ግንዱን አቆመ፣ እሷ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ መረገች። አዘዘ ከጎርጎራ ባሕር ዳር በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ጫኝ ነበር። ጎርጎራ በቁርባን ያገባት ሚስት አለችው፤ ወለተ ሩፋኤል ትባላለች። ባንቺአየሁንም ቢሆን ሽማግሌ ልኮ፣ ወላጆቿን አስፈቅዶ፣ በድግስ ነው የወሰዳት። ድግሱ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ቁርባኑን ያውቅ ነበር፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። ቄስ መርስዔ ኀዘንም መርቀው ነበር።

ቄሱ የአዘዘ የነፍስ አባት ናቸው፤ የባንቺአየሁም። በየወሩ እየመጡ ቤቱን ጠበል ይረጩና ለመብል ይቀመጣሉ። ባንቺአየሁ ወደብ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ትልልቁን ለእሳቸው ታስቀራለች። ሌላ ቤት ዓሣ ጾም ይገድፋል ብለው የሚቆጡት ሰውዬ እሷ ዘንድ ሲሆኑ አጥንቱን ሳይቀር ይመጠምጡታል።

አዘዘ ገና ሳይገነዝ ቄሱ ባንቺአየሁን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«ልጄ፣ አዘዘ ቆራቢ ነው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በቁርባን ሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት እንዳለችው ለቅሶ ላይ ከተሰማ ፍትሐት ይከለከላል፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ነው የሚጣል። ከል አትልበሺ፣ ፊትሽን አትንጪ። እንደ ጎረቤት ሁኚ።»

«ቤቴስ አባ?»

«ቤቱማ ያንቺው ነው። እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ? እመሰክርልሻለሁ።»

አመነቻቸው። የነፍስ አባቷ ናቸው፤ ደግሞስ አዘዘ ከአጥር ውጭ ሲጣል እንዴት ትየው? ነጭ ነጠላዋን ለበሰች። ወለተ ሩፋኤል በጀልባ ተሻግራ መጥታ በባንቺአየሁ መደብ ላይ ተቀመጠች። ድንኳኑ በባንቺአየሁ ግቢ ተተከለ። ባንቺአየሁ ማንቆርቆሪያ ይዛ ለቀስተኛውን እጅ ስታስታጥብ ሰነበተች። ትናንት «እትዬ» ይላት የነበረው የአዘዘ ወንድም ቢያዝን እጁን ዘርግቶ «ጨመር አድርጊ እንጂ» አላት። እንባዋ ሲመጣባት ጓዳ እየገባች ነጠላዋን ትነክስ ነበር።

ሳልስቱ እንዳለፈ ቢያዝን ቤቱን ልቀቂ አላት። ጊዜው የደርግ ነው፤ ነገሩ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ደረሰ። ሰብሳቢው በቀይ ጨርቅ ሥር ተቀምጦ ስለ ሴቶች እኩልነት ብዙ ተናገረ። ሁለት ሚስት የፊውዳል ልማድ ነው፣ አብዮቱ አያውቀውም አለ። እሱ ራሱ ፋሲሎ ሰፈር ቅምጥ እንዳስቀመጠ አገር ያውቃል፤ ግን ይህን ሁሉ ሲናገር ትን እንኳ አላለውም። የሱ እኩልነት፣ ሁለት ያገባው ወንድ በክብር ተቀብሮ የተዳረችለት ሴት ሜዳ ላይ ስትቀር ነው። መስማቱ ራሱ ያቅለሸልሻል።

ምስክር ሲጠራ ቄስ መርስዔ ኀዘን ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሡ። አውቃለሁ ቢሉ፣ ቆራቢ ሁለት ሚስት ይዞ እያዩ እንዴት ዝም አሉ ተብለው ከደብራቸው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ጥምጣማቸውን መረጡ።

«እኔ የማውቃት የቁርባን ሚስቱን ነው» አሉ። «ይህችማ በለቅሶው ነጭ ለብሳ እጅ ስታስታጥብ አይቻታለሁ። ሚስት ብትሆን ከል አትለብስም ነበር? ፊቷን አትነጭም ነበር?»

ባንቺአየሁ አፍ አፋቸውን አየች። በጓዳ ያንን ምክር የመከራት አፍ ነው፤ ያንን ሁሉ ዓሣ የበላ አፍ።

«አባ፣ እርስዎን ሰምቼ አይደለም ወይ ከል ያልለበስሁ?» ስትል ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። ቤቱ ለወለተ ሩፋኤል ተፈረደ። የገባበት ግን ቢያዝን ነው፤ ወለተ ሩፋኤልን በማግስቱ ጀልባ ላይ አሳፍሮ ወደ ጎርጎራ ሸኛት።

ከዚህ በላይ ምን ውርደት ይመጣል ሲባል፣ ተዝካሩ ሲቃረብ ቄሱ ራሳቸው ዓሣ ከምትጠብስበት ድረስ ወረዱ።

«ለነፍሱ ነው ልጄ። ጠላውን አንቺ ጥመቂ፤ ያንቺን ጠላ ነበር የሚወድ» አሏት። በሸንጎው ያላወቋትን ሴት ለጠላው ጊዜ አወቋት። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንዲህ ነው። ባንቺአየሁ ዓሣውን ገለበጠች።

የተዝካሩ ዕለት ጠላ ሳትይዝ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ በቀድሞ ግቢዋ ከተጣለው ዳስ መካከል ቆመች። ሰዉ መጉረሱን ተወ። ቄስ መርስዔ ኀዘን አፋቸው የያዘውን ዋጡና፣ አይተዋት እንደማያውቁ ሆነው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ጠየቋት።

«እግዜር ያጥናሽ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

«የነፍስ አባቴ» አለች ባንቺአየሁ። መስቀላቸውን ሳትሳለም ዘወር ብላ ወጣች።