ጣሰው የመረቀው መኪና

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ይሆናል? ሻንጣ ይሞላል ወይስ ኪስ ይበቃዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ጥያቄ በትልልቅ ቃላት እንከራከርበት ነበር። አሁን ደረጃ መውጣት በሚያስቸግረኝ ዕድሜ ጥያቄው እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ሰው ላይ አርፏል፤ ጣሰው ላይ። የጣሰው ዕድሜ፣ እኔ እንደማየው፣ ክሊንተንቪል በሚባለው የኮሎምበስ ሰፈር ከቤቱ ደጅ በቆመች አሮጌ መኪናው የቀኝ በር ላይ ያለችውን ጭረት ያክላል።

ጭረቷን የጫረው ቢሩክ ነው።

ጣሰው በሱዳን በኩል ተሰዶ ኮሎምበስ የገባው የእኛ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነበር። መጀመሪያ መጋዘን ሠራ። በኋላ በኤርፖርቱና በመኪና ማቆሚያው መካከል መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ጀመረ፤ ጡረታ እስኪወጣም በዚያው ዞረ። «እኔም ዓለምን ዞሬያለሁ፤ ክቡ ጠበበብኝ እንጂ» ይላል ሲቀልድ። ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያን የእንጨት ቤት ብቻውን ይኖርበታል።

ቢሩክ የደብረ ታቦር ጎረቤቱ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ የሚያውቀው ሰው ጣሰው ብቻ ነበርና ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ለቀቀለት፤ ሥራ አስገባው፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከአንድ የተዘጋ ሞል ጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ እየወሰደ መንዳት አስተማረው። ያን ሁሉ ሜዳ ትቶ ከአንዲት የመብራት ምሰሶ ጋር መታከክ ምን ዓይነት ችሎታ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሩክ ግን ታከከ። ጭረቷን ላሠራት ብሎ ቢለምን ጣሰው እምቢ አለ። «ተዋት፤ ዲፕሎማህ ናት። እኔ ዘንድ ትቀመጥ» አለው።

እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እዚያም እዚህም። በእኔ ላይ ጭረት እንኳ ትቶ የሄደ ተማሪ የለም። እውነቱን ለመናገር በጣሰው እቀና ነበር።

ዓመታት አለፉ። ቢሩክ ትልቅ መኪና ነዳ፤ ከዚያ የራሱን ትራክ ገዛ፤ ሐምራዊትን አገባ፤ ወለደ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር አዲስ ቤት ገባ። ይህን ሁሉ ጣሰው በደስታ ተቀበለ። ቤቱን አይቶ «ጠርገህ አትጨርሰውም» ብሎ ሳቀ። ትራኩን አይቶ መረቀ። ባለፈው ጸደይ ግን ቢሩክ ያን ግዙፍ የቤተሰብ መኪና ይዞ መጣ፤ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ ጥቁር፣ ገና የወንበሩ ላስቲክ ያልተላጠ። ጣሰው በረንዳው ላይ እንደቆመ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

ቅናት ስል ምቀኝነት ማለቴ አይደለም። ምቀኛ የሰውየው መኪና ገደል ቢገባ ደስ ይለዋል። ቀናተኛ ግን መኪናውን ይወደዋል፤ ከባለቤቱ አብልጦ ይወደዋል፤ ሥቃዩም እዚያ ላይ ነው። ጣሰው መሪውን በመስኮት አየው። ዕድሜውን በሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ የያዛቸው መሪዎች ሁሉ ግን ወይ የኩባንያ ነበሩ ወይ የአሮጌ መኪና።

«ይኼ መኪና ነው ኮንዶሚኒየም?» አለ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ አንድ ክፍል ለእርስዎ አስቀርተናል» አለች ሐምራዊት ከውስጥ ሆና።

«ኪራይ አልችልም።»

ተሳሳቅን። ቢሩክ የመጣበትን ነገረን። ያን ቀን መኪናውን ጭቃ ሊያስረግጠው ነው፤ ከፒከሪንግተን አልፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ድሮ ከሰል ይቆፈርባቸው የነበሩ ኮረብታዎች አሉ፤ አሁን ሰው እየከፈለ በመኪና ይወጣባቸዋል። የሥራ ባልደረባው «ፎር ዊል ገዝተህ አስፋልት ላይ ብቻ መንዳት ሱፍ ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ መስቀል ነው» ብሎ አስቆጭቶታል። ከመሄዱ በፊት ግን ጋሼ ጣሰው ይመርቁለት፤ ከዚያ ሁላችንም አብረን እንሂድ።

አዲስ ነገር ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይጀመርም። እጃችንን ዘርግተን መኪናውን ከበብነው፤ የቢሩክ ልጅ ሳራ እንኳ ስልኳን ኪሷ ከትታ መዳፏን ዘረጋች። ጣሰው ምርቃት ይችልበታል። «የደስታ መጫኛ ያድርግልህ» አለ። አሜን። «ሙሽራ አምጣበት፤ እንግዳ ተቀበልበት።» አሜን። «መንገዱን ይጥረግልህ፤ ጎማህ እሾህ አይንካው።» አሜን። ቀጥሎ «ከዓይን ያውጣው» ይባላል። ሁልጊዜም ይባላል፤ ሕፃን ቢሆን፣ ቤት ቢሆን፣ ጠቦት ቢሆን። ጣሰው እዚያ ሲደርስ መኪናውን አየና ዝም አለ። እኛም ለመጨረሻው አሜን አፋችንን ከፍተን ቀረን። ሐምራዊት ቀና ብላ አየችው። «በሉ እንሂድ» አለ ጣሰው፤ እጁንም ወደ ኪሱ ከተተ።

በዕድሜ ስለሚበልጠን ፊት ወንበር የእሱ ሆነ። እኔ ከሐምራዊትና ከሳራ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ክብር ነበር፤ ክብር ግን አንዳንዴ ቅጣት ነው። መሪው ከጉልበቱ ስንዝር ርቆ ነው ያለው። መንገዱን ሙሉ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ በወንበሮቹ መካከል አየሁት።

«ያንን ስክሪን ይንኩት ጋሼ፤ ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ሁሉ ያሳይዎታል» አለው ቢሩክ።

«መኪናው ራሱ ካየ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ ከፋይ ነኝ።»

ኮረብታው ላይ ደረስን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ቀልቷል። ያ ግዙፍ መኪና እንደ ግመል እየተወዛወዘ ወጣ፤ ወረደ። ሳራ በሳቅ ትጮሃለች፤ ሐምራዊት ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ትጠራለች። ቢሩክ ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። እንዲህ ያለ ደስታ ከጎን ተቀምጦ ማየት ለእኔም አልቀለለኝም፤ ለጣሰውማ።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ኩሬ ሆኖ ተከፈተ፤ በግራም በቀኝም የጎማ ዱካ አለው። ቢሩክ ቆመ። ከዚያ፣ እንደ ድሮው፣ እንደዚያ ባዶ ፓርኪንግ ዘመን፣ ወደ ጎኑ ዞሮ «ጋሼ፣ በየት በኩል ልሂድ?» አለው።

ጣሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እስከዛሬ ያቺን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ኩሬውን ረጋ ብሎ አየና «በቀኝ» አለ።

በቀኝ ሄድን፤ ሰጠምን። የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ገባ፤ መኪናው ወደ ጣሰው በኩል ተጋደለ። ቢሩክ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ጭቃውን መስታወት ላይ ረጨው።

«አር ዊ ስታክ?» አለች ሳራ።

ተቀርቅረን ቀረን ወይ ማለቷ ነው። ቢሩክ ወደ ኮረብታው ጠባቂዎች ስልክ ደወለ፤ ትራክተር እንልካለን አሉት። እሱና ሐምራዊት ወርደው ደረቅ ቦታ ላይ ቆሙ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ሲመርቁ እኮ ከዓይን ያውጣው አላሉም» አለች ሐምራዊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቆጥሬያለሁ፤ አላሉም።»

«ተይ እንጂ፤ ጭቃ ነው።»

«ጭቃውን ማን መረጠልህ?»

እኔ ሰማሁ። ጣሰውም ሰማ። በሩን ገፍቶ ወረደ፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። እግሩን እየጎተተ ቢሩክ ዘንድ ደረሰ።

«ቁልፉን ስጠኝ። መሪውን ለእኔ ልቀቅና አንተ ግፋ። አወጣዋለሁ።»

«ይቅር ጋሼ፣ አይልፉ፤ ሰው እየመጣ ነው።»

«እኔስ ምንድነኝ?»

ቢሩክ ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። ቁልፉ ግን ከኪሱ አልወጣም። ትራክተሩ መጣ፤ አንድ ጢማም ወጣት ማስቲካውን እያኘከ በሽቦ ገመድ ጎትቶ አወጣን። ስንመለስ ጣሰው ሳይጠየቅ መጨረሻው ረድፍ ገብቶ ተቀመጠ። «ጋሼ ኧረ ፊት!» ቢሉት «እዚህ ይሻለኛል፤ እንቅልፌ መጥቷል» አለ። አልተኛም።

ቤቱ ካደረሱን በኋላ በረንዳው ላይ ጫማውን በእንጨት እየፋቀ ጠየቀኝ።

«ብዙነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከዓይን ያውጣው አላልኩም?»

«አላልክም።»

«ረስቼ ነው።» ትንሽ ፋቀና አቆመ። «አንተ ፈላስፋ አይደለህ? ሰው አፉን ያስለመደውን ነገር ይረሳል?»

«ይረሳል» አልኩት። አላመነኝም፤ እኔም አላመንኩትም። ቀኙን የመረጠው ተሳስቶ እንደሆነ ግን እምላለሁ። ያን ሰዓት ልክ መሆን የፈለገውን ያህል ምንም ነገር ፈልጎ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥር ሰደደበት። ደጁ ላይ የቆመችውን አሮጌ መኪናውን ማስነሳት ተወ። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ እንኳ አቋርጦ «መሪው እጄ ቢገባ እኮ አወጣው ነበር» ይለኛል። በመጨረሻ አንድ ቀን እጄን ይዞ «ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ» አለኝ።

«ለማን? ልታገባ ነው?»

«ቢሩክ ዘንድ። አንዴ ያስነዳኝ።»

ለሚስት እንጂ ለመሪ ሽማግሌ ተልኮ ሰምቼ አላውቅም። ሄድኩ። ሉዊስ ሴንተር ሰፊ ሳሎን ውስጥ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ፤ እንደ ደንቡም «ስትፈቅዱልኝ ነው የምጠጣው» አልኩ። ቢሩክ ጉዳዩን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ቀጥሎም አንገቱን ደፋ። «እሺ ጋሽ ብዙነህ። ጋሼ ጣሰው ጠይቀውኝ!» አለ። ሐምራዊት በቀስታ ገባችበት። «ስማቸው ኢንሹራንሱ ላይ የለም እኮ። ደግሞ ስኳሩ እግራቸውን እያደነዘዘው ነው።» ትክክል ነበረች። ሌላውን ምክንያት አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። «እሺ፤ ትንሽ ሥራው ጋብ ሲልልኝ» አለ ቢሩክ። ሻዩን ጠጣሁት።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። የቢሩክ እሺ ክረምቱን አለፈ፤ ገናን አለፈ። በየበዓሉ ይደውላል፤ «እሺ ጋሼ፣ አልረሳሁም» ይላል፤ ስልኩን ይዘጋል። ጣሰው አይቆጣውም። የራሱን መኪና ጭረት በጨርቅ ይወለውላል፤ እንድትለቅ አይደለም፣ እንዳትዝግ ነው። እኔም ቆሜ አየዋለሁ። ይህን ያህል የምፈልገው ነገር በሕይወቴ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እቀናበታለሁም።

ቢሩክ መንዳት የተማረበት ያ የተዘጋ ሞል ዘንድሮ ሊፈርስ ነው፤ አፓርታማ ይሠራበታል፤ ዙሪያውን አጥር ጀምረውለታል። ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ። ጣሰው ወዲያው ስልኩን አነሳ። ቢሩክ መንገድ ላይ ነበር፤ የትራኩ ድምፅ ይሰማል።

«ቢሩክ፣ ኮረብታ አልልህም፤ ጭቃም አልልህም» አለው። «ሳያጥሩት በፊት፣ እዚያው ባዶው ሜዳ ላይ፣ አንድ ዙር ብቻ። እኔ መሪውን ልያዝ፤ አንተ ከጎኔ ተቀመጥ።»