ብርሃኑ እስከበራ ድረስ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመነጽር መስታወት ሲሞርድ የኖረ ሰው ነበር። ሱቁ ሲዘጋ፣ «እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይፈለጋል» የሚል ወሬ ሰማና አንድ ቤተ ሙከራ ሄዶ ተቀጠረ። ሥራው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ጫፍ ማለስለስ ሆነ። በክሩ ውስጥ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ሌዘር ብርሃን ያልፋል፤ ጫፉ ቅንጣት ታህል ከተጫረ ብርሃኑ ይበተናል። ወጣቶቹ ተመራማሪዎች «ጋሽ ክር» አሉት፤ በዚያው ጸና።

ቤት የምትጠብቀው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች፤ «እትዬ» ይላታል። ወሬ ስትጀምር ጎረቤቱ ሥራ ይፈታ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ሰው አስቃ የምትመለስ ሴት። ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን የቀኝ ጉንጯ ነርቭ ታመመ። ንፋስ ሲነካት፣ ስታኝክ፣ ስትናገር፣ ፊቷ ላይ መብረቅ ይወርዳል። ክኒኑ መጀመሪያ አፈዘዛት፤ ኋላ ጭራሽ እምቢ አለ። ለቀዶ ጥገናው ደግሞ ልቧ አይችልም ተባለ። ያቺ ምላሰ ቅቤ በጥቅሻና በእጅ ምልክት መኖር ጀመረች።

አንድ ቀን ጋሽ ክር ሙከራውን እንዲያይ ተጠራ። በትንሽ ሳህን ውስጥ ከአይጥ አንጎል የተወሰደ የነርቭ ሴል አለ። ሴሉ መልእክት በላከ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከወጣቶቹ አንዷ ተመራማሪ ሌዘሩን አበራች። ጸጥ አለ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?»

«የሰው ፊት ላይ ያለውንስ ነርቭ? እሱንም ዝም ያሰኘዋል?»

ተመራማሪዋ አልሸነገለችውም። «ይሄ ሴል ራቁቱን ሳህን ላይ የተኛ ነው ጋሼ። የፊት ነርቭ ግን ሥሩ ከአጥንት በታች ነው። የሚያረጋጋው ሙቀቱ ነው፤ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ይቀቅለዋል። ይኸው፣ ይስሙት።» ሌዘሩን አጠፋች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «ዝም የሚለውም ብርሃኑ እስከበራ ድረስ ነው።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ምናልባት እኔ ጡረታ ስወጣ።» ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም።

ቤቱ ሲገባ ግን አፉ ከልቡ ቀደመ። «እትዬ፣ መድኃኒትሽ ተገኘ! ብርሃን ነው። ወረፋ አስይዤልሻለሁ።»

እትዬ ሳቀች። ሳቋ ሕመሙን ቀሰቀሰውና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከከች።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቧን ታነሳለች፤ ደረሰን ወይ ማለቷ ነው። «እየቀረበ ነው» ይላታል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ከበደው። ተመራማሪዋንም ደጋግሞ ለመናት። «የመጣው ይምጣ፣ እኔ እፈርማለሁ» ቢላት፣ «ፊታቸውን ባቃጥለውስ?» ብላ አልቅሳ እምቢ አለችው።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ እሁድ ለብ ያለ ሾርባ በማንኪያ ሲያጎርሳት እጁን ያዘችው። ወራት ያልሰማው ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ።

«ወንድምዓለም፣ ወረፋ የሚባል ነገር የለም፤ አይደል?»

አሁንም ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም። «የለም፣ እትዬ።»

«ከመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ። ስትዋሽ ጆሮህን ታሻለህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ። ደስ ብሎህ ስትገባ አይቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህን ያህል መናገሯ ጉድ አደረጋት። መብረቁ ደጋግሞ ወረደባት፤ ማንኪያው ወለሉ ላይ ወደቀ። እሱ ጀርባዋን ከማሻሸት ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ጋብ ሲልላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ቀን በኋላም ቅንድቧን አላነሳችለትም።

ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ተገኘ። ተመራማሪዋ «እህትዎ እንዴት ናቸው?» ስትለው፣ «እግዜር ይመስገን» አላት። ሌላ ምን ይበል።