ለፎቶ የተበጠረ ጎፈሬ

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ ገበያ ወደ ቤት ያደረሰኝ ባጃጅ የፊት መስታወቱ ላይ የአንድ የውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ፎቶ ተለጥፎበት ነበር። «ያውቁታል እማማ?» አለኝ ሹፌሩ። «እሱስ አንተን ያውቅሃል?» ብዬ አሳቅሁት። የኔ ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም፤ አያ ሰይድ ትዝ አለኝ።

ልጃገረድ ሳለሁ እናቴ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ከአስመራ የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ፎቶ ሰጠኝ። ዘፈኑን የሰማሁት በዚያው ሾፌር ራዲዮ ነው፤ አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን ፍቅሩ ያዘኝ። ፎቶውን ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሊጥ ለጠፍሁት። ክብ ጎፈሬው ወረቀቱን ሊሞላው ምንም አልቀረው።

አያ ሰይድ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከዋጃ በታች ማሽላ የሚያርስ፣ ጎፈሬውን በሚዶ ሳያበጥር ከቤት የማይወጣ ሽቅርቅር ሰው። ልጁ አሊ መርከብ ላይ እሠራለሁ ብሎ በአሰብ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አንድ የገበያ ቀን አያ ሻይ ሊጠጣ ገባና ፎቶው ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ይሄ አሊ ነው» አለ።

«ኧረ አይደለም አያ! አሜሪካ ያለ ዘፋኝ ነው።»

«መርከብ አሜሪካ አይደርስም ያለሽ ማን ነው? ጎፈሬውን አታይም? የራያ ነው እኮ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝና «አላህ ያውቃል አያ» አለችው።

በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ማሽላው እንደቆመ ደረቀ፣ ከብቱም አለቀ። አያ ሚስቱን ቀብሮ ወደኛ መጣ። ያለንን ተካፈልን፤ አልበቃም። ለተራበ ሰው የተከፈተው መጠለያ ደግሞ በቅማል የሚዛመተው ተስቦ እንዳይገባ ራሱን ያልተላጨ ሰው አያስገባም። አያ አልላጭም አለ። ፈረንጆች ፎቶ እያነሱ ወደ አገራቸው እንደሚወስዱ ሰምቷል።

«አሊ ያየኛል። ተላጭቼ ካየኝ በምን ይለየኛል? ፎቶ ልነሳና እላጫለሁ።»

«እስከዚያስ ምን ትበላለህ?» ብለው ሚዶውን አውጥቶ ማበጠር ያዘ።

ፈረንጆቹ የመጡ ቀን እናቴ በሰጠችው ውሃ ፊቱን ታጠበ፣ ጎፈሬውን አበጠረ፣ የገጠጠ አጥንቱን በጋቢ ሸፍኖ መጠለያው ደጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ አየት አደረገውና አለፈ፤ አጠገቡ የተጋደመችውን ሴት ከነልጇ ደጋግሞ አነሳ። ረሃብ ሊያሳይ የመጣ ሰው የተበጠረ ሽማግሌ ምን ያደርግለታል? አያ «ይመለሳል» ብሎ እዚያው ደጅ ጠበቀ። ሰውዬው አልተመለሰም። አያ ሳይላጭ እዚያው ሞተ።

የዘፋኙን ስም እኔ የሻይ ቤት ልጅ ከነአባቱ አውቅ ነበር። የኛ ሰው ፊት ግን ባሕር የተሻገረው ያለ ስም ነው፤ ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የዚያን ዘመን ፎቶ በቴሌቪዥን ባሳዩ ቁጥር ወንበሬን አስጠግቼ የተላጩትን፣ የተጋደሙትን አንድ በአንድ አያለሁ። አያ ሰይድ ከመካከላቸው የለም። አሊም የትም ሆኖ አይቷቸው ከሆነ፣ አባቱ የተረፈ መስሎት ይሆናል።